ወንጀለኛው ሐኪሙ ነው፤ ከዚያስ?

ነገሩ ሳይደባበስ ይነገር። ሰሞኑን በንባብ ክበባችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተውን የሮቢን ኩክን «ቫይታል ሳይንዝ» አንብቤ ጨረስኩ። መጽሐፉ የውሰት ስለሆነ ኪሴን አልነካም፤ ሁለት ሌሊቴን ግን በልቶብኛል። ደራሲውን «ሌሊቴን መልስ» ብዬ አልከሰውም። ክሴ በእኛ ላይ ነው። በእኛ ስል፣ መጽሐፉን ዘግተን «ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ባልነው ላይ፣ ይልቁንም ደግሞ «ይኸን በውርስ ትርጉም ወደ አማርኛ አምጥተን አዲስ አበባ ላይ ብንተክለውስ?» ብሎ በተነሣው ወንድማችንና ባጨበጨብንለት ሁሉ ላይ ነው። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ያን ዕለት ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ሮቢን ኩክ ራሱ ሐኪም ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኮማ» ስሙ ገነነ፤ በዓመቱም መጽሐፉ ፊልም ሆነ። «ቫይታል ሳይንዝ» የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። ማሪሳ ብሉመንታል የምትባል የሕፃናት ሐኪም ልጅ አጥታ አይ.ቪ.ኤፍ. በሚባለው፣ ፅንስ ከማህፀን ውጭ በሚያዳቅለው ሕክምና ትደክማለች። የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተዋል፤ የዘጋቸውም የነቀርሳ ዓይነት ብግነት ነው። እንዲህ የሆነችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ትደርስበታለች። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው፦ አውስትራሊያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ሰው በላ ዓሣ፣ ነፍሰ ገዳይ። በመጨረሻ ሲጣራ ሴቶቹን ያመከኗቸው «እናክማችሁ» እያሉ ገንዘባቸውን የሚቀበሉት ራሳቸው ናቸው። ምሥጢሩን አወጣህብን የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ምሥጢር አልነበረምና።

ምሥጢር አለመሆኑን በምን አወቅህ በሉኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እማዬ ነው የምላት። እንግሊዝኛ አታነብም። እሑድ ቡና እያፈላች «ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርተህ የምታፈጥበት ምንድነው?» አለችኝ። ታሪኩን አወጋሁላት። አቦሉ ላይ የሴትዮዋን ልጅ ማጣት፣ የክሊኒኩን ደጅ መጥናቷን፣ የቱቦዋን መዘጋት ነገርኳት። ቶናው ሳይቀዳ «ሐኪሞቹ ናቸው ያመከኗት» አለች። እኔ ስንት መቶ ገጽ የደከምኩበትን! «በምን አወቅሽ?» ብላት «ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው ታዲያ?» አለችና ሲኒዋን ማለቅለቅ ጀመረች።

በረካው ላይ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። «ባልዮውስ ተመረመረ?»

«ተመርምሯል» አልኳት፤ ሕክምናው ያለሱ አይሆንምና።

ዝም አለች። ቆየት ብላ «እሱስ ደግ ሰው ነው» አለች።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። አንዳንዶቻችሁ «መጽሐፍ እኮ ለመዝናናትም ይነበባል፤ ሁሉ ነገር የግድ ማስተማር አለበት እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መዝናናትን አልጠላሁም። ልብ አንጠልጣይ ነው የተባለው መጽሐፍ ልቤን ስላላንጠለጠለው ነው የምሟገተው። ለምን አላንጠለጠለውም? ደራሲው መጻፍ ስለማያውቅ አይደለም፤ የሕክምናውን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ ይህ ዓይነቱ ታሪክ ገና ሲነሣ አንድ ክፉ ሰው ለመያዝ ቃል መግባቱ ነው። ክፉው ሰው ሲያዝ በሽታው ምክንያት አገኘ፣ እንባው ባለዕዳ አገኘ፣ አንባቢው በነፃ ተለቀቀ። እኛም መጽሐፉን ዘግተን እፎይ ብለን እንተኛለን። ልጅ ማጣትን በሚያህል ጉዳይ ላይ አንባቢን በነፃ የሚለቅ መጽሐፍ ደግሞ፣ በእኔ ሚዛን፣ ዋሽቷል።

እስቲ ያንኑ የቱቦ መዘጋት ወደ አገራችን እናምጣው። ኩክ ቱቦውን ለማዘጋት ዓለም አቀፍ ሤራ አስፈለገው። እኛ ጋ ሤራ አያስፈልግም። ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ በደም ተጉዞ የማህፀን ቱቦ ላይ ሰፍሮ፣ ሳያስል ሳያከሳ፣ ቱቦውን ጠባሳ አድርጎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ነቀርሳ ይበዛባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ጨብጥና ክላሚዲያም በጊዜው ካልታከሙ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ክላሚዲያማ ብዙውን ጊዜ ምልክትም አይሰጥ። በወሊድና በውርጃ ጊዜ የሚገባ ቁስለትም አለ። ንጹሕ ጓንት ያጣች አዋላጅ፣ ጀምራ ያቋረጠችው መድኃኒት፣ ለሚስቱ ሳይነግር ብቻውን የታከመ ባል፤ የእኛ ወንጀለኞች እነዚህ ናቸው። አንዳቸውም ሽጉጥ አልያዙም። ታዲያ ኩክ የፈጠረው ክፉ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ቢፈለግ ማንን ነው የምንይዘው?

«ይህ የተወሰኑ ሰዎች ችግር ነው» የሚል ቢኖር፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በዕድሜው ውስጥ ልጅ የማጣት ችግር እንደሚደርስበት ገልጿል። በክፍላችን ስንት ነን? ቁጠሩትና አካፍሉት።

ቁጥሩን ካየን ቃሉን ደግሞ እንይ፤ የቋንቋ ተማሪዎች ነንና። «መካን» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ደረጃ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። በአፋችን ግን ለማን ነው የምንለው? «መካን ናት» ስንል ስንት ጊዜ ሰማን፣ «መካን ነው» ስንልስ? ሳይንሱ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ይናገራል። የእኛ ሰዋስው ግን ጥፋቱን በአንስታይ ፆታ ብቻ ያረባዋል።

እማዬን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ይህን እንድጽፍ አስፈቅጃታለሁ፤ «ጻፈው፤ ስሜን ብቻ ተወው» ብላኛለች። ባገባች በማግስቱ ማለት ይቻላል «ምነው፣ ምንም የለም?» የሚለው ጥያቄ ጀመረ። ሰባት ዓመት ጠበል ተመላልሳለች። ገና ጎህ ሳይቀድ ከፈረንሳይ ተነሥታ ዳገቱን ወደ እንጦጦ ትያያዘዋለች፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ሴቶች እሷ ስትወጣ ያገኟታል። እነሱ ሸክማቸው ይታያል፤ የእሷ አይታይም። በኋላ አንድ ሆስፒታል ሄደች። ምርመራው አልቆ «አንቺ ደህና ነሽ፤ አሁን ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ» ተባለች። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ወንድ ይመረመራል እንዴ?» አለ። እስኪሞት ድረስ አልተመረመረም።

አሁን አባዬን ክፉ ሰው አድርጌ ብስለው ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ይወጣኝ ነበር። ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ደመወዙን ሳይነካ አምጥቶ እጇ ላይ የሚያስቀምጥ፣ እጁን አንድም ቀን ያላነሣባት፣ የገዛ እናቱ «ሌላ አግባ» ብትለው እምቢ ያለ ሰው ነበር። የወንድ ዘር ምርመራ ከምርመራ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንዲት ትንሽ ብልቃጥና አንድ ጠዋት ይበቃዋል። የቤታችን ምሥጢር በዚያች ብልቃጥ ይፈታ ነበር። አውስትራሊያ መሄድ አያስፈልግም፤ በታክሲ አራት ኪሎ መውረድ ይበቃ ነበር። አልወረደም። ለምን አልወረደም? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ልብ ወለድ ስጡኝና ሦስት ሌሊት ይብላብኝ!

አሁን ደግሞ ወደ ወንድማችን ውርስ ትርጉም። እሱ ያሰበው ክሊኒኩን ወደ ቦሌ፣ ሆንግ ኮንግን ወደ ዱባይ ማዛወር ነው። መጨረሻው እንዳያሳዝን ደግሞ ሴትዮዋ ክፉዎቹን ካስያዘች በኋላ ከአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጅ በጉዲፈቻ ትወስድና መጋረጃው ይዘጋል። ያን ጊዜ ነው በይበልጥ ያጨበጨብነው። እኔ ግን ቤት ገብቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ልጁ ከየት መጣ? እናቱ ማናት? በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ሕፃን ሽልማት ነው። ለደከመ ጀግና ይሰጣል። ሽልማት ደግሞ እናት የለውም።

እኔ እንዲህ ያልኩት ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። የወለደችኝ እናቴ ያለችው ቡልጋ ነው። አራት ዓመት ሲሞላኝ ለእኅቷ ሰጠችኝ። ማንም አልተሰረቀም፣ ማንም አልተሸጠም። እማዬ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፤ እናቴም እናቴ መሆኗን አልተወችም። በየዓመቱ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ትመጣለች። ዘንድሮም መጥታ ሁለቱ እናቶቼ አንድ መደብ ላይ ተኝተው ሲያወሩ አነጉ፤ ከወሬያቸው ግማሹ የእኔ ሐሜት ነበር።

ይህ የእኔ ቤት ወግ ብቻ አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኦሮምኛ ነው፤ ቃሉ ብቻ ሳይሆን በሥርዓት የቆመ ባህል አብሮት አለ። በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ ይባል ነበር፤ ጡት ወይም አውራ ጣት ላይ ማር ቀብቶ በማጥባት ዝምድና ይታሰር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይደነግግና፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም እንደማይቋረጥ ይናገራል። በእኛ ልማድ እንግዲህ ጉዲፈቻ ልጅ ላይ ቤተሰብ መጨመር ነው።

ይኸው ቃል ባሕር ሲሻገር ምን ሆነ? በአሜሪካ ሕግ ሲተረጎም የወላጅን መብት ፈጽሞ የሚቆርጥ ሆነ። ቃሉ አንድ፣ ፍቺው ሁለት። እናት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ «ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጽፍልኛል፣ ወገን ሆነናል» ብላ ነው። ወረቀቱ ግን «ከእንግዲህ ልጅሽ አይደለም» ይላል። ብዙ ወላጆች ነገሩን እንዲህ ተረድተውት እንደነበር በየጊዜው የወጡት ዘገባዎች መስክረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. «መርሲ መርሲ» የተባለው የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ያሳየን ይህንኑ ነበር፤ በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የምንሞት መስሎን ብለው ልጆቻቸውን የሰጡ፣ ሳይሞቱም የልጆቻቸውን ወሬ ሲጠብቁ የኖሩ ባልና ሚስት።

ደላላ አልነበረም፣ ውሸት አልነበረም፣ ገንዘብ አልተበላም አላልኩም። ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ ሞተዋል ተብሎ የተጻፈላቸው ልጆች ነበሩ፤ ይህ ወንጀል ነው፣ ወንጀለኛም ይጠየቅ። ግን ከ1999 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ዓመት ብቻ 2,500 ያህል ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን ጉዳይ ከ5 እንዳይበልጥ አደረገ። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ ሐና ዓለሙ የምትባል ልጃችን በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 እ.ኤ.አ. ጥፋተኞች ተባሉ። በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለውጭ አገር ሰዎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ ከለከለ።

አሁን ይህን ለኩክ ተማሪ ስጡት። ምን ያደርጋል? አንድ ጥቁር መነጽር ያጠለቀ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይፈጥርና ገጽ 300 ላይ ያስይዘዋል። የሚሊዮን ሰው ድህነት፣ የጽሕፈት ቤት ማኅተም፣ የአስተርጓሚ ችኮላ፣ ከባሕር ማዶ ያለችው ልጅ ያጣች ሴት እውነተኛ እንባ፣ ከባሕር ወዲህ ያለችው እናት እውነተኛ ተስፋ፣ ሁሉም በዚያ መነጽር ይሸፈናል። እኔን ልብ የሚያንጠለጥለኝ ግን ሁለቱ እናቶች ናቸው፤ ሁለቱም ደግ ሆነው፣ አንዲት ልጅ በመካከላቸው መጥፋቷ። ወንጀሉ የተፈጸመው በአንድ ቃል ትርጉም ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ የትርጉም ተማሪዎች ነን! ይህን ትተን ነው ሰው በላ ዓሣ ፍለጋ አውስትራሊያ የምንሄደው?

«ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ቅርጽ ጭራሽ ጠላኸው» እንዳትሉኝ። አልጠላሁትም። መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ»ን ከእንግሊዛዊው ፕሪስትሊ ተውኔት በውርስ ትርጉም ሲያመጣልን ያመጣው የምርመራ ታሪክ ነው። መርማሪ ይመጣል፣ አንዲት ወጣት ሞታለች፣ ማን ገደላት ይባላል። ግን መልሱ ምንድነው? በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው በየድርሻቸው። ተመልካቹ ከአዳራሽ ሲወጣ «እኔስ?» እያለ ነው የሚወጣው። ውርስ ትርጉም ካልቀረ እንዲህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለንና ውድነሽን፣ ክፉ አላደረጓቸውም። የሚሳሱለትን ልጅ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ስለቱም የልጁን ዕድሜ አሰረው። ከፍቅር የወጣ ገመድ ነው ያሰረው። አንባቢ እስከ ዛሬ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ስምህን አልጠራሁም፤ ራስህን ታውቃለህ፤ ወዳጅነታችንም እንደ ነበረ ነው። እንግሊዝኛህም አማርኛህም ከእኔ ይሻላል። ያን ትርጉም ተወው። ክሊኒኩን ቦሌ ላይ አትትከል። ዛሬ ጳውሎስ ሆስፒታል ለልጅ ማጣት ችግር የሚያክም የመንግሥት ማዕከል አለ፤ ሄደህ ደጁ ላይ ተቀመጥ። ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች እይ፤ ስንቶቹ ብቻቸውን እንደመጡ ቁጠር። ባል አብሮ የመጣ እንደሆነ እጁን የት እንዳስቀመጠ እይ። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ና፤ እማዬ ቡና ታፈላልሃለች። የጻፍከውን አንብብላት። ቶናው ሳይቀዳ መጨረሻውን ካወቀችብህ ቅደደው። በረካው አልቆ እሷም እኔም ዝም ካልን ግን እኔ ራሴ ስቴንስሉን እመታልሃለሁ።

መልስ ያለው ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፤ የሥነ ጽሑፍ 3ኛ ዓመት ተማሪ